የሙከራ ሞጁሎች ምርጫ (ፓይተን)

የሙከራ ሞጁሎች ምርጫ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከምንጭ ኮዱ ሲገነባ የመሞከሪያ ክፍሎቹ አብረው ኮምፓይል ይደረጉ ወይስ ይቅሩ የሚለውን የሚወስን ነው። ስሙ «ዲሴብል ቴስት ሞጁልስ» ሲሆን «የሙከራ ሞጁሎችን አስቀር» እንደ ማለት ነው። የተጨመረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 በወጣው በፓይተን 3.10 ነው።

አሠራሩ

በሲ ቋንቋ የተጻፈው ዋናው ፓይተን (ሲፓይተን) በሊኑክስ ላይ ሲገነባ መጀመሪያ «ኮንፊገር» የተባለው ስክሪፕት ኮምፒዩተሩን ይፈትሻል፤ ምን ኮምፓይለርና ምን ላይብረሪ እንዳለ አይቶ የተጠቃሚውን ምርጫዎች ይቀበላል። ከዚያ «ሜክ» በዚያ ውጤት መሠረት ኮምፓይል ያደርጋል። ከቋንቋው ጋር ከሚመጡት ሙከራዎች አብዛኞቹ የተጻፉት በፓይተን ነው፤ አንዳንዶቹ ግን በሲ የተጻፉ ሞጁሎች ስለሚፈልጉ እነዚያም መገንባት አለባቸው። ምርጫው ካልተሰጠ ሁሉም ይገነባል። ከተሰጠ የሲ ሞጁሎቹ ይቀራሉ፤ የሙከራ ፋይሎቹም በተከላ ጊዜ አይገለበጡም። ይህ ማከማቻቸው ጠባብ ለሆነ ትንንሽ መሣሪያዎች ይጠቅማል፤ በተለመደ ላፕቶፕ ላይ ግን ትርፉ ያን ያህል አይደለም።

የጋሞ ፊደላት ምሳሌ

ሙከራ ለምን እንደሚያስፈልግ በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ከሚነገረው ቋንቋ ማየት ይቻላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ 32 ተጨማሪ ፊደላት ግን (አንዷ «ꬁ» ናት) እስከ 2010 ድረስ፣ ማለትም እስከ ዩኒኮድ 6.0፣ መጠበቅ ነበረባቸው።

ፓይተን ከ3.0 ጀምሮ የተለዋዋጭ ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ ይፈቅዳል። አንድ ምልክት ፊደል መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ግን አብሮት ኮምፓይል ከሚደረገው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ነው። ፓይተን 3.1 የያዘው የዩኒኮድ 5.1ን ሠንጠረዥ ነበር። ስለዚህ «ሀ» የተባለ ተለዋዋጭ ያለ ችግር ሲሠራ «ꬁ» የተባለው የአጻጻፍ ስህተት ተብሎ ይመለስ ነበር። በ2011 የወጣው ፓይተን 3.2 ሠንጠረዡን ወደ 6.0 ስላሳደገ ያው መስመር ይሠራል።

እንዲህ ያለውን ጉድለት ኮምፓይለሩ አያየውም፤ አሮጌ ሠንጠረዥ የያዘ ፓይተንም ያለ ማስጠንቀቂያ ተገንብቶ ያልቃል። ሲፓይተን ውስጥ ያለው የዩኒኮድ ሙከራ ሠንጠረዡ እንዳልተበላሸ ያረጋግጣል፤ ሆኖም የሚያነጻጽረው ከራሱ ዘመን ሠንጠረዥ ጋር ስለሆነ የጎደለ ፊደል መኖሩን አይናገርም። ስለዚህ ፊደላቱን የሚጠቀም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የራሱን አጭር ሙከራ ቢጨምር ይሻላል። «ኢዝ አይደንቲፋየር» የተባለውን ተግባር በ«ꬁ» ላይ መጥራት ይበቃል፦ ፓይተን 3.2 «ትሩ» ሲል 3.1 «ፎልስ» ይላል።