የቆሮሶ ዘመድ በቴክሳስ፦ ቁጡውን ዓሣ በቤት ማሳደግ

ልጅ «ውሻ ግዙልኝ» ሲል አፓርታማው አይፈቅድም፤ «ድመት» ሲል እናት አትፈቅድም። በመጨረሻ ስምምነት የሚደረሰው በዓሣ ላይ ነው። ጣት የምታህል፣ ሰማያዊ ነጠብጣቧ የሚያብለጨልጭ ዓሣ ከሱቅ ትገዛና አሥር ጋሎን በሚይዝ መስታወት ውስጥ ትገባለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠጠሩ ተቆፍሮ፣ ተክሉ ተነቅሎ፣ ትናንሾቹ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ጠፍተው ይገኛሉ። «ይህች ምን ዓይነት አውሬ ናት?» ይባላል።

አውሬ ሳትሆን የአገሩ ባላባት ናት። የሪዮ ግራንዴ ሲክሊድ ወይም የቴክሳስ ሲክሊድ ትባላለች። ቤርድና ዢራር የተባሉ ሊቃውንት በ1854 እ.ኤ.አ. መዝግበዋታል። መሠረቷ የታችኛው ሪዮ ግራንዴ ወንዝና ሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ ሲሆን፣ ከሰፊው የሲክሊድ ቤተሰብ በዩናይትድ ስቴትስ በተፈጥሮ የምትገኝ እርሷ ብቻ ናት። በዝዋይና በሐዋሳ ዳር ተጠብሶ የሚቀርበው ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይ።) የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ የቴክሳሷ ግን ድንጋይ ላይ ጥላ ከባሏ ጋር ትጠብቃለች። በዚያን ጊዜ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ጥቁር ትሆናለች፤ የቀረበውን ሁሉ ትነክሳለች።

እንግዲህ ቁጣዋ የመሬት ጉዳይ ነው። ስታድግ እስከ 12 ኢንች ልትደርስ ስለምትችል ለአንዷ እንኳ ከ55 ጋሎን ያነሰ መስታወት እስር ቤት ነው። ድንጋዩ ዓሣዎቹን እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚከልል መሆን አለበት። አዲስ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ድንጋዮቹን ማዘዋወር ደግሞ የቆየችው ድንበሯን እንድትረሳ ያደርጋል።

ከጠብ ይበልጥ ዓሣ የሚገድለው ግን ውኃ ነው። ብዙ ሰው ውኃ በባልዲ ካደረ ክሎሪኑ ይበናል ብሎ ያምናል። የዳላስና የፎርት ዎርዝ ውኃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ይህም ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት ስለሆነ አድሮ አይጠፋም፣ የዓሣውንም መተንፈሻ ያቃጥላል። ስለዚህ ክሎራሚንን እንደሚያከሽፍ የተጻፈበት መድኃኒት ከሱቅ መግዛት ግድ ነው። አዲስ መስታወት ደግሞ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች በፊልተሩ ውስጥ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። መስታወቱንና ዓሣውን በአንድ ቀን የገዛ ሰው በሳምንቱ የልጁን እንባ ይጠርጋል። ፊልተሩን በቧንቧ ውኃ ማጠብም እነዚያኑ ባክቴሪያዎች መግደል ነው፤ ከመስታወቱ በተቀዳ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል።

ሌላው ብርድ ነው። ይህች ዓሣ የምትስማማው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ፋራናይት ነው። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በዳላስ–ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድና መብራት ሲጠፋ፣ ማሞቂያና ፊልተር አብረው ቆመዋል። ለእንዲህ ያለው ቀን መስታወቱን በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ምግብ ማቆምና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስቀድሞ መያዝ ያድናል። ዋጋው ከዓሣዋ ብዙም አይበልጥ።

አሰልቺ ሆነች ብሎ ወደ ሐይቅ መጣል ግን በቴክሳስ ሕግ ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። «የአገሯ ልጅ ናት» ማለትም አያዋጣም፤ ከመሠረቷ ውጭ በሳን ማርኮስና በሳን አንቶኒዮ ወንዞች፣ እንዲሁም በኒው ኦርሊንስ አካባቢ ተለቃ ተራብታለች። የማይችል ሰው ወደ ሱቁ ይመልሳት፣ አለዚያም ሰፊ መስታወት ላለው ሰው ይስጥ።