የኮምፒዩተር ፍጥነትና የኤሌክትሪክ ፍጆታ

የአየር ጠባይን ለመተንበይ ወይም የአውሮፕላንን ክንፍ ቅርጽ ለመመርመር የሚያስፈልገው ስሌት በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ቢሠራ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች በአንድ አዳራሽ ተሰልፈውና በገመድ ተያይዘው እንደ አንድ መሣሪያ እንዲሠሩ ይደረጋል። ይህ መሣሪያ ሱፐርኮምፒዩተር ይባላል። ታዲያ የሚጠይቀው ኤሌክትሪክ የአንድን ከተማ ፍጆታ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ።

የኮምፒዩተር አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በምት ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምት አንድ ጊጋኸርዝ ይባላል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ምቱን እየተከተሉ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ በዚህም ጊዜ የሚፈጁት ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

እንግዲህ ምቱ በግማሽ ቢቀነስ ምን ይተርፋል? በየሰከንዱ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ በግማሽ ይቀንሳል፤ ዳሩ ግን ሥራው እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ ጠቅላላው ፍጆታ ያው ይሆናል። ቁጠባው የሚገኘው ከምቱ ሳይሆን ከቮልቴጁ ነው። ፈጣን ምት ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሻል፤ ዝግ ያለ ምት ግን በዝቅተኛ ቮልቴጅ ሊሠራ ይችላል። ፍጆታውም የሚመጣጠነው ከምቱ ብዛትና በራሱ ከተባዛው ቮልቴጅ ጋር ነው። ለምሳሌ ምቱና ቮልቴጁ እያንዳንዳቸው ከመቶ 10 እጅ ቢቀነሱ፣ በየሰከንዱ የሚፈጀው 0.9 × 0.9 × 0.9፣ ማለትም ከቀድሞው 0.729 ይሆናል። ሥራው ከመቶ 11 እጅ ያህል ቢዘገይም፣ ለዚያው ሥራ የሚውለው ጠቅላላ ኤሌክትሪክ ከመቶ 19 እጅ ይቀንሳል።

መዘግየቱም ቢሆን ሁልጊዜ ይህን ያህል አይደለም። ብዙ ስሌቶች የሚጓተቱት በፕሮሰሰሩ ሳይሆን ከማኅደረ ትውስታ የሚመጣውን መረጃ በመጠበቅ ነው። ወፍጮ ምንም ያህል ፈጥኖ ቢዞር እህሉ በጊዜው ካልቀረበለት ዱቄቱ አይበዛም። በሌላ በኩል ምቱን ከመጠን በላይ ማዘግየት ኪሳራ ነው፤ ማኅደረ ትውስታው፣ ማቀዝቀዣውና መገናኛ መሣሪያዎቹ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ኤሌክትሪክ መሳባቸውን አያቋርጡምና።

ይህ ዘዴ በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሥር በተተከለው «አርቸር 2» በተባለው የብሪታንያ ሱፐርኮምፒዩተር በተግባር ተፈትኗል። መሣሪያው 5,860 ኮምፒዩተሮችን ያቀፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ የኤሌክትሪክ ዋጋ ንሮ፣ የክረምቱም አቅርቦት ሲያሠጋ፣ በታኅሣሥ ወር የፕሮሰሰሮቹ መደበኛ ምት ከ2.25 ወደ 2.0 ጊጋኸርዝ ዝቅ ተደረገ። ቀድሞ ፕሮሰሰሮቹ ሁኔታው ሲፈቅድ ከ2.25 በላይ ይፈጥኑ ስለነበር ቅናሹ ቁጥሩ ከሚያሳየው የበለጠ ነበር። 3,010 ኪሎዋት ያህል የነበረው አማካይ ፍጆታ ወደ 2,530 ኪሎዋት ገደማ ወረደ። ሆኖም በለውጡ ፍጥነታቸው ከመቶ ከ10 እጅ በላይ የሚጎዳ ፕሮግራሞች በቀድሞው ምት እንዲቀጥሉ ተደረገ፤ ተመራማሪዎቹም ለየሥራቸው የሚስማማውን ምት ራሳቸው እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው።