ሴግመንት፣ ፓኬት፣ ፍሬም፦ ከሲሲኤንኤ ቃላት ጋር ትውውቅ

አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ራውተሮች፣ በመጨረሻ አንድ ሰርቨር። ኮምፒውተሩ ለሰርቨሩ መረጃ ልኳል። ጥያቄው፦ በሁለቱ ራውተሮች መካከል ባለው የኢተርኔት መስመር ላይ የሚያልፈው ፍሬም መድረሻ ማክ አድራሻው የማን ነው? «የሰርቨሩ» የሚል ተማሪ የቃላቱን ፍቺ በቃሉ ይዞ ሊሆን ይችላል። የትኛው ቃል የማን ሥራ እንደሆነ ግን ገና አላወቀም።

ሲሲኤንኤ የአሜሪካው ሲስኮ ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. የጀመረው የኔትወርክ ባለሙያነት ማረጋገጫ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈተናው 200-301 በሚል ቁጥር ይታወቃል፤ ጊዜው 120 ደቂቃ ነው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። መረጃው ከኮምፒውተሩ ሳይወጣ ቲሲፒ ይቆራርሰውና በየቁራሹ ላይ የፖርት ቁጥር ይጽፋል። ይህ ሴግመንት ነው። (በዩዲፒ ከሆነ ዳታግራም ይባላል።) አይፒ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ሲጨምርበት ፓኬት ይሆናል። ኢተርኔት ደግሞ ከፊቱ እያንዳንዳቸው 48 ቢት የሆኑ ሁለት ማክ አድራሻዎች፣ ከኋላው 4 ባይት የስህተት መፈተሻ ሲያክልበት ፍሬም ይባላል። ሰባት ደረጃዎች ባሉት የኦኤስአይ ሞዴል እነዚህ 4ኛው፣ 3ኛውና 2ኛው ናቸው። በሥራ ቦታ ሁሉንም «ፓኬት» እያሉ መጥራት የተለመደ ነው፤ ሥራም አያጓድልም። ፈተናው ግን አይምርም።

ስዊች የሚያየው የፍሬሙን ማክ አድራሻ ነው። ራውተር ፍሬሙን አውልቆ ይጥላል፣ የፓኬቱን መድረሻ አይፒ ያነባል፣ ቲቲኤሉን (ፓኬቱ ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚገድበውን ቁጥር) በአንድ ይቀንሳል፣ ከዚያ አዲስ ፍሬም አልብሶ ይሸኘዋል። ስለዚህ የጥያቄው መልስ «የሁለተኛው ራውተር» ነው። ናት የሚባለው የአድራሻ ቅየራ ከሌለ አይፒዎቹ ከመነሻ እስከ መድረሻ አይነኩም፤ ማኮቹ ግን በየራውተሩ ይለወጣሉ።

ዲፎልት ጌትዌይ (ከኔትወርኩ መውጫ የሆነው ራውተር) እና ኤአርፒም (የአንድን አይፒ ማክ የሚጠይቀው ፕሮቶኮል) ከዚሁ ይከተላሉ። ሰርቨሩ ከኮምፒውተሩ ኔትወርክ ውጭ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ በኤአርፒ የሚጠይቀው የሰርቨሩን ሳይሆን የጌትዌዩን ማክ ነው። ብሮድካስት ዶሜይንም እንዲሁ፦ ስዊች ብሮድካስት (ለሁሉም የተላከ) ፍሬምን በዚያው ቪላን (በስዊቹ ላይ በተከፈለ ኔትወርክ) ውስጥ ባሉት ሌሎች ፖርቶች ሁሉ ይበትናል፤ ራውተር ግን አያሳልፈውም።

በእኔ ግምት ከመቶ ገጽ የቃላት መፍቻ ይልቅ ፓኬት ትሬሰር የተባለው የሲስኮ የኔትወርክ ማስመሰያ ይጠቅማል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው። በመግቢያው ላይ ያለውን ኔትወርክ ሥሩበት፣ ሲሙሌሽን የሚለውን ምረጡ፣ ፒንግ ላኩና በየመሣሪያው ላይ የምትታየውን ፖስታ ከፍታችሁ አድራሻዎቹን አንብቡ።