የታተመ ደብዳቤና መልእክተኛው፤ ሶፍትዌር በ«ሚረር» ስለሚታደልበት አሠራር

ምንጩ ለማንም ክፍት የሆነ፣ «ኦፕን ሶርስ» የሚባለው ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ማደሉም ወጪ የሌለው የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን አንድ አዲስ እትም በወጣ ዕለት እጅግ ብዙ ሰዎች ያንኑ ፋይል ከአንድ ሰርቨር ለማውረድ ቢነሡ መስመሩ ይጨናነቃል፤ ሒሳቡንም የሚከፍል አንድ ወገን መኖሩ አይቀርም። ከዚህም የተነሣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኢንተርኔት ድርጅቶችና በጎ ፈቃደኞች የፋይሎቹን ግልባጭ በየሰርቨራቸው ያኖራሉ። እንዲህ ያለው ሰርቨር «ሚረር»፣ ማለት መስተዋት፣ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የማናውቀው ሰው ከያዘው ሰርቨር ያወረድነውን ፕሮግራም በምን እናምነዋለን የሚለው ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ኢየን መርዶክ በ1993 የመሠረተውን ዴቢያንን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

የዴቢያን ዋና ማኅደር በቀን 4 ጊዜ ይታደሳል። ሚረሮቹም «አርሲንክ» በሚባለው ፕሮግራም አማካይነት የተለወጠውን ብቻ ለይተው ይወስዳሉ። እዚህ ላይ የቅደም ተከተሉ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። መጀመሪያ የሚመጡት ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ማውጫው ግን በሁለተኛው ዙር ይከተላል። ማውጫው ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ገና ያልመጣውን ፋይል «አለ» እያለ ተጠቃሚውን ባሳሳተ ነበር።

ጥቅሙን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በአንድ የኮሌጅ ላቦራቶሪ 40 ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱም 500 ሜጋባይት ማሻሻያ ከውጭ አገር ቢያወርድ 20 ጊጋባይት ይሆናል። ግልባጩ በግቢው ውስጥ ቢኖር ግን የውጭውን መስመር የሚያቋርጠው 500 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሆኖም ሙሉው ማኅደር ብዙ ቴራባይት የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ለአንድ ላቦራቶሪ ሲባል ሙሉ ሚረር ማቆም ለክብር ካልሆነ በቀር ትርፉ አይታየንም። አንድ ጊዜ የተጠየቀውን ፋይል ብቻ ይዞ ለሌሎቹ የሚያድለው «አፕት ካቸር ኤንጂ» የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በማኅተም የታሸገ ደብዳቤ ሲደርሰን መልእክተኛው ታማኝ መሆኑን አንጠይቅም፤ ማኅተሙን እንመለከታለን እንጂ። ዴቢያንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከእያንዳንዱ ፋይል በስሌት 64 ምልክት ያለው አሻራ ይወጣል፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የፕሮግራሞቹ አሻራ በማውጫው ተጽፏል፤ የማውጫው አሻራ ደግሞ «ሪሊዝ» በሚባለው አጭር ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ይህም ፋይል በዴቢያን ቁልፍ ተፈርሟል። ፊርማውን የሚመረምረው «አፕት» የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህ አሠራር በ2007 ከወጣው 4ኛው እትም ጀምሮ ይገኛል። እንግዲህ ከሺሕ የሚበልጡ ፋይሎች እውነተኛነት በአንዲት ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ ሚረሩን የያዘው ሰው ተሸካሚ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ማኅተሙ የማይነግረን ነገር አለ። መልእክተኛው አዲሱን ደብዳቤ በጉያው ሸሽጎ የዓምናውን ቢያመጣልንስ? ማኅተሙ እውነተኛ ነው፤ ወሬው ግን ያረጀ ነው። በ2008 ጀስቲን ካፖስና የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ያሳዩት አደጋ ይህ ነበር። እነዚህ ተመራማሪዎች ሰርቨር ተከራይተው፣ በሌለ ድርጅት ስም ሚረር ለመሆን አመለከቱ፤ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ሴንትኦኤስ፣ ኦፕን ሱሴና ዴቢያን አምስቱም ተቀብለው በይፋ መዘገቧቸው። በሺሕ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችም፣ የመንግሥትና የጦር ሠራዊት ጭምር፣ ወደ እነርሱ መጡ። ክፉ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ኖሮ አንድም ፊርማ ሳያስመስል፣ ጉድለቱ የታወቀበትን አሮጌ ፕሮግራም እያደለ የተጠቃሚውን በር ክፍት ባስቀረው ነበር። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት በ«ሪሊዝ» ፋይሉ ላይ የማብቂያ ቀን መጻፍ ነው፤ ቀኑ ካለፈ አፕት አይቀበለውም። የዴቢያን የጸጥታ ማሻሻያዎች ይህ ቀን አላቸው፤ ደግሞም ከማንኛውም ሚረር ሳይሆን ከዴቢያን ከራሱ የጸጥታ ሰርቨር እንዲወሰዱ ይመከራል።

የመጀመሪያውን የመጫኛ ፋይል በእጃችን ስናወርድ ግን አፕት ገና የለም። በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የማውረጃው መንገድ ወደ ተበከለ ፋይል ዞሮ ነበር። ገጹን የያዘ ሰው በዚያው ገጽ የተጻፈውን አሻራም ሊለውጥ ስለሚችል፣ አሻራ ማመሳከር ብቻውን አይበቃም፤ ፊርማውን መመርመር ያስፈልጋል። ፊርማም ቢሆን ማን እንደ ላከው እንጂ የተላከው መልካም መሆኑን አይመሰክርም። አንድሬስ ፍሮይንድ በመጋቢት 2024 ያጋለጠው የ«ኤክስ ዜድ» ተንኮል ከፕሮጀክቱ ጠባቂዎች በአንዱ እጅ የገባ ነበርና፣ ሚረሮቹ በታማኝነት አደሉት። ይህ ግን የማደል ሳይሆን የመጻፍ ጉዳይ ስለ ሆነ ለሌላ ጽሑፍ እንተወዋለን።

የግቢያችንን ኮምፒዩተሮች ለሚጠብቁ ጓደኞቻችን የምንጨምረው አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ የዴቢያን ሚረር «ፕሮጀክት» በሚባለው ክፍል ውስጥ «ትሬስ» የሚል መዝገብ ይይዛል፤ በዚያም መጨረሻ የታደሰበት ሰዓት ይገኛል። ይህን ከዋናው ማኅደር ሰዓት ጋር ማስተያየት የደቂቃ ሥራ ነው። ሚረሩ በቀናት ወደ ኋላ ቀርቶ ከተገኘ ሌላ መምረጥ ይገባል፤ ለዚህም በአፕት የምንጮች ፋይል ውስጥ የሚረሩን አድራሻ መለወጥ ይበቃል።