ድረ ገጹ አልከፈት ሲል ከየት እንጀምር?

የመድኃኒትና የእህል ክምችት ሪፖርት በድረ ገጽ በሚላክበት ፕሮጀክት ገጹ አንድ ቀን አልከፈት ካለ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። መጋዘኑ ምን እንዳለቀ አያውቅም፤ መኪናውም ሳይጫን ይውላል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው ቸኩሎ ያገኘውን ሁሉ ይነካካል። ይህ ግን አንዱን ብልሽት ሦስት ያደርገዋል። ሰርቨሩ የታመመበትን ቦታ ራሱ ይናገራልና አስቀድመን እናድምጠው።

ዌብ ሰርቨር ማለት ጠያቂ ሲመጣ ገጹን የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቺና በ2004 የወጣው ኤንጂንኤክስ በሰፊው ይሠራባቸዋል። ሁለቱም ፋይሉ የት እንዳለና ማን እንዲገባ እንደተፈቀደ የሚያውቁት ኮንፊግሬሽን ከሚባለው የመመሪያ ፋይል ነው። በዚያ ፋይል ውስጥ አንዲት ምልክት ብትጎድል ፕሮግራሙ አልነሣም ሊል ይችላል።

አንደኛ፣ በገጹ ላይ የሚታየውን ቁጥር ጻፉ። 404 ማለት የተጠየቀው ገጽ በተባለው ቦታ አልተገኘም ማለት ነው። 403 የፈቃድ ክልከላ ነው። 500 ከውስጥ የሆነ ብልሽት መኖሩን ያመለክታል። 502 ሲሆን ደግሞ የፊቱ ሰርቨር ደኅና ነው፤ ከጀርባው ያለው ፕሮግራም ግን በትክክል አልመለሰለትም። ምንም ቁጥር ሳይታይ ግንኙነቱ እምቢ ካለ፣ ፕሮግራሙ መነሣቱንና 80 እና 443 የተባሉት ፖርቶች ክፍት መሆናቸውን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ የስህተት መዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች አንብቡ። እዚህ ላይ ሰዓቱን ልብ በሉ። ብዙ ሰርቨሮች የሚመዘግቡት በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የደረሰው ብልሽት በመዝገቡ ላይ 07:00 ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙን አጥፍታችሁ ከማስነሣታችሁ በፊት የመመሪያ ፋይሉን አስመርምሩ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ አላቸው፤ የአጻጻፍ ስህተት ካለ የሚገኝበትን መስመር በቁጥር ይነግሯችኋል።

አራተኛ፣ የቀድሞውን ፋይል ቅጂ አስቀምጡ፤ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ ሞክሩ። ካልሠራ ወደ ነበረበት መልሱት። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

አሳሹ ገጹ አያስተማምንም ብሎ ቢያስጠነቅቅ የሰርተፊኬቱ ዘመን አልፎ እንደሆነ እዩ። ማስጠንቀቂያው በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ከታየ ግን የዚያን ኮምፒውተር ቀን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ባትሪው ያለቀ አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ ቀኑን ይረሳል፤ በዚህም ደኅናውን ሰርተፊኬት ሐሰተኛ ያስመስለዋል።

እንግዲህ ውድ ሠራተኞች፣ በሰርቨሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይኑር። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይጻፍበት። ከጣቢያ ሆናችሁ ብልሽት የምታስታውቁም «አይሠራም» ከማለት ይልቅ ቁጥሩንና ሰዓቱን ንገሩን። ያን ጊዜ ፍለጋው ከግማሽ መንገድ ይጀምራል።