ተጨማሪ መረጃ፦ ወደ መዝናኛ ፓርክ በጀልባ ወይስ በባቡር?

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ወደሚገኘው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም፣ በመኪናው የሄደ ጎብኚ፣ መኪናውን ካቆመ በኋላም ገና አልደረሰም። በዋናው የመኪና ማቆሚያና በፓርኩ በር መካከል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተንጣሏል። ሐይቁን የሚሻገረው እስከ 600 ሰው በሚጭን ባለ ሁለት ፎቅ ጀልባ ነው፤ አለዚያም ዳር ዳሩን በሚዞረው ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር (ሞኖሬል) ይሄዳል።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት እንዲህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። እንግዳው የመኪናውን ዓለም ከኋላው ትቶ፣ በፓርኩ ውስጥ ያለውን ቤተ መንግሥት ከውኃው ማዶ እያየ እንዲቀርብ ታስቦ ነው። ልጆች ይወዱታል። ማታ ርችቱ አልቆ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ግልብጥ ብሎ ሲወጣ ግን ወረፋው የወላጆችን ትዕግሥት ይፈትናል።

የሆንግ ኮንግ ዲዝኒላንድ ደግሞ የሚገኘው ላንታው ደሴት ላይ ነው። ደሴት እንደመሆኑ ጀልባ ዋናው መጓጓዣ ይሆናል ብሎ የሚገምት አይጠፋም፤ የጀልባ ማረፊያም ተሠርቶለታል። ዋናውን ሸክም የተሸከመው ግን ባቡር ነው። ፓርኩ በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. ከመከፈቱ አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ልዩ መስመር ሥራ ጀመረ። የባቡሩ መስኮቶችና የእጅ መያዣዎች ሳይቀሩ የሚኪ ማውስን ጭንቅላት ቅርጽ ይዘዋል።

ብዙ ሰው በፍጥነት ለማመላለስ ከባቡር የሚስተካከል የለም፤ ዲዝኒላንድ ፓሪስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት የከተማው ባቡር ደጃፉ ድረስ ደርሶ ነበር፤ በ1994 ፈጣኑ የረጅም ርቀት ባቡር ተጨመረ። ከለንደን በቀጥታ ይመጣ የነበረው ዩሮስታር የተባለው ባቡር በ2023 በመቋረጡ፣ ከዚያ የሚመጡ ጎብኚዎች አሁን መንገድ ላይ ባቡር መቀየር ግድ ሆኖባቸዋል።