ዳር ሠፈር ለማን ይመቻል?

አዲስ ቅዳም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ በአዊ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እንደ ባሕር ዳሩም እንደ አዲስ አበባውም ሰው ነው፤ «ካሬው በስንት ነው?» ይላል። መጠየቁ አይከፋም፤ የሚከፋው እዚያው ላይ ማቆሙ ነው። ቦታውን የሚዋዋለው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ሲሆን እሱ ደግሞ ቀኑን ሥራ ላይ ይውላል። ሠፈሩን ከማለዳ እስከ ማታ የሚኖሩበት አራሷ፣ ሕፃኑና አያትየው ናቸው። እኔ እንደማምነው ዳር ሠፈር መመዘን ያለበት ከቤተሰቡ በጣም ደካማ በሆነው ሰው ጉልበት ነው።

አዲስ አበባ ይህን በውድ ዋጋ ተምራዋለች፤ ተምራም ከሆነ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች እየዋሉ እያደሩ ወደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ራቁ። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ስለሆነ ቤተሰብ ሠፈር አይመርጥም። ብዙ ባለዕድሎች ቤታቸውን አከራይተው ራሳቸው ለሥራና ለትምህርት ቤት በሚቀርብ ሠፈር ተከራዩ። ሰነፍ ወይም አትራፊ ያሏቸው ነበሩ፤ ለእኔ ግን ሒሳቡን በትክክል የሠሩት እነሱ ናቸው። በ2017 በኮሪደር ልማት ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡት ደግሞ በመንገዱ ርቀት ላይ የእድራቸው መበተን ተጨመረባቸው። ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተክለው ማን ነው? አዲስ ሠፈር ለዚህ መልስ እስኪያገኝ ዓመታት ይወስዳል።

ወደ አዊ እንመለስ። እዚህ ቦታ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በበጋ ነው፤ መሬቱ ደርቆ፣ ደላላው በባጃጅ እስከ ችካሉ ድረስ ወስዶ ያሳያል። አዊ ግን ዝናቡ ረጅም የሆነ አገር ነው። ሐምሌ ሲገባ ያ መንገድ ጭቃ ይሆንና ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ የፈረስ ጋሪም ቢሆን የሚደፍረው እስከ አንድ ቦታ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ከዚያ እንዴት እንደምትወጣ ያልታሰበበት ቤት ገና አላለቀም። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ማብቂያ ወዲህ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና የሌሊት እንቅስቃሴ ሲገደብ ደግሞ ርቀቱ ሌላ ትርጉም አገኘ። ወረዳው በዲከረንስ ዛፍና በከሰል የታወቀ ስለሆነ፣ አስም ያለበት ሰው ያለው ቤተሰብ በአካባቢው ከሰል የሚከሰልበትን ወቅትና የነፋሱን አቅጣጫ ጎረቤት ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ። የቧንቧ መስመር ያልደረሰበት ሠፈር ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሽንት ቤትም ይቆፍራል። በሁለቱ መካከል እንዲኖር ባለሙያዎች የሚመክሩት ርቀት 30 ሜትር ያህል ነው። 10 በ20 የሆነ 200 ካሬ ቦታ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ 22 ሜትር ገደማ ነው። የራስዎን ሽንት ቤት አንዱ ጥግ ቢያደርጉት እንኳ የጎረቤትዎ ከአጥሩ ባሻገር ጉድጓድዎ ጎን ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ውሃ አለ ወይ?» ብቻ አይደለም፤ ቧንቧው መቼ ይገባል፣ እስከዚያስ ሕፃኑ ምን ይጠጣል የሚል ነው። ማዘጋጃ ቤቶች ለመኖሪያ ቤት ማኅበራት ቦታ ሲመሩ የቧንቧ መስመሩን ከችካሉ ቢያስቀድሙ ይህ ሁሉ ጣጣ በቀለለ ነበር።

ስለ ወረቀት ባጭሩ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ይደነግጋል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል፤ ቅድመ ክፍያውም ከ10 በመቶ አያንስም። ከገበሬ ላይ በእማኝ ወረቀት የተገዛ ማሳ ከዚህ ውጭ ነው። እዚያ ላይ የሚቆመው ጨረቃ ቤት ሲፈርስ ሜዳ ላይ የሚወድቁት መጀመሪያ ላይ የጠቀስኋቸው ደካሞች ናቸው።

ለመሥራት የወሰነ ሰው መጀመሪያ እዚያው ሠፈር ተከራይቶ አንድ ክረምት ቢያሳልፍ እመክራለሁ። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ተፈጻሚ በሆነባቸው ከተሞች የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ ሠፈሩን ለማየት ጊዜ ይሰጣል። ሲከራዩ ልጁ ትምህርት ቤት በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ አያት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መመለስ መቻላቸውን፣ የአካባቢው እድር አዲስ ገቢ ይቀበል እንደሆነ ይዩ። በቤትዎ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ ካለና በክረምት መኪና የሚገባበት መንገድ ከሌለ ግን የቦታው መርከስ አያታልልዎ፤ ለጊዜው አስፋልቱ አጠገብ ጠባብ ቤት ተከራይቶ መቆየት ይሻላል።